የጓሳን ልጅ ጓሳ ላይ ፈትኑት

ይድረስ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
እንዲሁም የዱር እንስሳት ጥበቃን ለምታስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች በሙሉ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የምጽፍላችሁ ከመንዝ ነው። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እሱም እንድጠራው አይፈልግም። ጉዳዩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚሁ በመንደራችን እንመክርበት ነበር። ነገር ግን እንደ እሱ ያሉ ልጆች ከሰሜን ተራሮች እስከ ባሌ፣ ከአዋሽ እስከ ኦሞ በየጥብቅ ቦታው ዳርቻ አሉ። ስለዚህ ዱሩን እያወቁ የትምህርት ማስረጃ ስለሌላቸው ብቻ ከጥበቃ ሥራ ስለሚመለሱ ልጆች በአደባባይ ልናገር።

የልጁ ቤተሰቦች የሚኖሩት ጓሳ ከሚባለው የመንዝ ደጋ የሣር ምድር አፋፍ ላይ ነው። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ በግ ጠብቋል። ዐሥረኛ ክፍል ሲደርስ አባቱ ታመሙበትና ትምህርቱን አቋረጠ። አምና ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ አብረን ወደ ጓሳ ወጣን። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ በዚያ ወር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ሣሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ ጅብራው ብርዱን ፈርቶ ቅጠሉን እንደ ጡጫ ጨብጦ ያድራል።

ከፊቴ ሲሄድ የነበረው ልጅ በድንገት ተንበረከከ። ከመሬት ያነሣው የአውሬ ዐይነ ምድር ነበር። በጣቶቹ ሲፈረፍረው ግራጫ ጠጉርና ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ የአይጥ ጥርሶች ወጡ። «የቀይ ቀበሮ ነው፤ የጣለውም ሊነጋጋ ሲል ነው» አለኝ። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው ዙሪያውን አሳየኝ። ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቷል፤ እሱ ያነሣው ግን ውርጭ አልነካውም።

ከዚያ ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስቀመጠኝና ማዶ ጥግ ላይ ያለ ጉድጓድ ጠቆመኝ። «ሁለት አፍ አለው። ትናንት ማታ ሦስቱ አይጥ ይዘው ገብተዋል፤ እሷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከዚህ አልራቀችም። ወልዳለች፣ መምህር።» ቀይ ቀበሮ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት እንደምትወልድና ግልገሎቹን የመንጋው አባላት ሁሉ ተባብረው እንደሚያሳድጉ እኔ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። እሱ ያንን መጽሐፍ አይቶት አያውቅም።

በኪሱ አንድ ደብተር ይዟል። ያየውን ቀበሮ ሁሉ በነጥብ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ በክብ፣ ሞቶ ያገኘውን በመስቀል ምልክት ያሰፍራል። ቀኑን የሚጽፈው በቁጥር አይደለም፤ «የሚካኤል ዕለት»፣ «በአቦ ማግስት»፣ «ለጊዮርጊስ ዋዜማ» እያለ ነው። ይህንን ወደ ወርና ቀን ለመመለስ ከእኛ መካከል ማን ይቸገራል? አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲመዘግብ ኖሯል፤ ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለውም።

በዚያው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ሰው እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። ልጁ ልብሱን አጥቦ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ሄደ። መስኮቱ ላይ የተጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ነበር። ደብተሩን አውጥቶ ሰጠ። ሠራተኛዋ ሳትገልጠው መለሰችለት። በእሷ አልፈርድም፤ በተሰጣት መመሪያ ላይ ስለ እንደዚህ ያለ ደብተር የተጻፈ ነገር አልነበረም። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለሁለት ወር ያህል ጓሳ አልወጣም። እናቱ መጥተው «ልጄን ምን አድርገውብኝ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። እንዲህ ያለውን ወጣት የምትመዝኑበት ፈተና አዘጋጁ፤ ፈተናውም በመስክ፣ በቃልና በተግባር ይሁን። ያለፈውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ስጡት፤ ማረጋገጫው ለሥራ ቅጥርም ለሥልጠናም የሚያገለግል ይሁን።

ይህን ስጠይቅ ከባዶ አልነሣም። መንዝ ውስጥ የጥበቃ ሥራ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። ጓሳን በሕግ መጠበቅ የተጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ አስቦና ጌራ በተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ዘመን እንደሆነ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። ቃሉን ዛሬ ብዙ ሰው በሌላ ትርጉሙ ያውቀዋል፤ በእኛ ዘንድ ግን ቄሮ ማለት የጓሳ መጠበቂያ ሥርዓት ነው። ሕዝቡ ራሱ የሚመርጠው መሪ አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባል ነበር። በዚያ ዘመን ጓሳ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ በእነዚያ ዓመታት አንድ እስር ሣር ማጨድ፣ አንዲት በግ ማሰማራት ክልክል ነው። ሣሩ ደርሷል ተብሎ ሲታመን አባ ቄራው የሚከፈትበትን ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ያስነግራል። በበጋ ይከፈታል፤ ሰዉ ያጭዳል፤ ከታጨደ በኋላ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ እንደገና ይዘጋል።

አያቴ በአፈሮ ሥር ጥበቃ ወጥተዋል። ሲተርኩልን ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ተረኛ ሆኖ የቀረ፣ ወይም በተዘጋ ጊዜ ሲያጭድ የተገኘ ሰው ቅጣቱ ቤቱን እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችል እንደነበር ይነግሩን ነበር። ያንን ቅጣት ዛሬ መልሱት አልልም፤ የሚመለስም አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ከቅጣቱ ይልቅ ትምህርቱ ነው። አባት ጥበቃ ሲወጣ ልጁን ያስከትላል። ልጁ የትኛው ሣር ለጣሪያ ክዳን፣ የትኛው ለገመድ፣ የትኛው ለገሳ እንደሚሆን ያውቃል። ቀበሮ የት እንደሚወልድ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ የትኛው ገደል ላይ እንደሚያድር ያያል። በሃያ ዓመቱ ብቻውን ተረኛ ሆኖ ይወጣል። አሠልጣኝም፣ ሠልጣኝም፣ ምዘናም ነበረው ማለት ነው። ያልነበረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስት ሥርዓቱ ቀረ፤ ቄሮም የቆመው በርስት ላይ ስለነበር አብሮ ወደቀ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣውን ፍትሕ ማንም አይክድም፤ አያቴም አልካዱም። ጓሳ ግን ባለቤት አጣ፤ ከቅርብም ከሩቅም የመጣ ሁሉ ማጨድና ማሰማራት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው አላዩም። እየተሰበሰቡ፣ እየመከሩ፣ አዲሱን አስተዳደር እያነጋገሩ፣ ከየቀበሌው ተወካይ መርጠውና መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን በሌላ መልክ አቆሙት። ዛሬ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ጓሳ በክልሉ ዕውቅና የተሰጠው የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት እስከ ዛሬ የቆየው ሽማግሌዎቹ ስላልተኙ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጓሳ ላይ ጭላዳን ለረጅም ዓመታት ሲያጠኑ የቆዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ዓለምን አስደንቆ ነበር። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። ጭላዳዎቹም እየጋጡ ዝም ይሉታል። ጥናቱ ትልቅ ሥራ ነው፤ ቁጥሩን ያለ ተመራማሪዎቹ ትዕግሥት ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። ነገር ግን ቀበሮ ከጭላዳ ጋር እንደሚውል እኛ በግ ስንጠብቅ በየቀኑ እናየው ነበር። አንድም ቀን አልተጠየቅንም፤ እኛም ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑን አላወቅንም። እረኛውና ተመራማሪው በአንድ ሜዳ ላይ ቆመው ሳይነጋገሩ የሚውሉት እስከ መቼ ነው?

በሌላው የአፍሪካ ክፍል መነጋገር ከጀመሩ ቆይተዋል። ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ ሉዊስ ሊበንበርግ የተባለ ሰው የካላሃሪ በረሃ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከሳን አዳኞች ጋር ዱካ ማንበብን ሲያጠና ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዱካ አንባቢዎች በመስክ ላይ የሚፈተኑበትን ምዘና አቋቋመ። ፈታኙ መሬት ላይ ያለ ዱካ ያሳያል፤ ተፈታኙ የማን እንደሆነ፣ ምን ሲሠራ እንደነበረ፣ ወዴት እንደሄደ ይመልሳል። የሚያስፈልገው ዐይንና ዕውቀት ነው፤ ማንበብና መጻፍ ግዴታ አይደለም። እሱና ባልደረቦቹ ፊደል ያልቆጠሩ ዱካ አንባቢዎች ያዩትን በሥዕል ምልክት እየነኩ የሚመዘግቡበትን መሣሪያም ሠሩ፤ የተመዘገበው ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ይህንን ሳነብ የተማሪዬ ነጥብ፣ ክብና መስቀል በዐይኔ ላይ መጣ። እሱ ለብቻው፣ በሃምሳ ገጽ ደብተር፣ ያንኑ ሐሳብ ፈጥሮት ነበር።

ኬንያ ውስጥ ደግሞ በአምቦሴሊ አካባቢ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማሳይ ወጣቶች የአንበሳ ጠባቂ ሆነው እየተቀጠሩ ነው። የሚቀጥራቸውን ድርጅት ካቋቋሙት አንዷ ሊላ ሃዛ ናት። ወጣቶቹ አንበሳ መግደል የጀግንነት ምልክት በሆነበት ባህል ያደጉ ናቸው፤ ከመካከላቸው ቀደም ሲል አንበሳ የገደሉ አሉበት። ዛሬ አንበሳውን በዱካው ይከተላሉ፤ በማሳይኛ ስም ያወጡለታል፤ ከብት ወዳለበት ሲጠጋ እረኞቹን ያስጠነቅቃሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የተማሩት ከተቀጠሩ በኋላ፣ በሥራው ላይ ሳሉ ነው። ልብ በሉልኝ፦ ሥራው ቀደመ፣ ፊደሉ ተከተለ። እኛ ዘንድ ፊደሉ ቀድሞ በር ላይ ቆሞ ሥራውን ይከለክላል።

«እንዲህ ከሆነማ የሙያው ደረጃ ይወርዳል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከቅን ልብም ሊመጣ ይችላል። እኔም መምህር ነኝ፤ ትምህርትን ላቃልል አልችልም። ተማሪዬ የማያውቀው ብዙ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ፣ በሕግ ፊት ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም። ሊማረው ይገባል። የምለምነው ካለው ዕውቀት ተነሥቶ የጎደለውን እንዲማር ነው፤ ያለው ተጥሎ ከዜሮ እንዲጀምር ከሚገደድ።

የእብድ ውሻን ነገር ካነሣሁ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በባሌ ዌብ ሸለቆ በሽታው ገብቶ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን እጅ ያህል ፈጀ። ወረርሽኙ ከሸለቆው እንዳይወጣ ያደረገው በዙሪያው ያሉትን ቀበሮዎች ፈጥኖ መከተብ ነው። ፈጥኖ ለመከተብ ደግሞ ፈጥኖ መስማት ያስፈልጋል። የሞተ ቀበሮ ከማንም በፊት የሚያየው ማን ነው? የማን ውሻ ሰሞኑን ጠባዩ እንደተለወጠ፣ ማንን እንደነከሰ፣ በየት በኩል እንደሄደ ከማንም በፊት የሚሰማው ማን ነው? እረኛውና ውኃ የምትቀዳው ልጅ ናቸው። እነሱ ምልክቱን እንዲያውቁና ለማን እንደሚደውሉ እንዲነገራቸው ቢደረግ፣ አንድ መንጋ ሙሉ ከመጥፋት ሊተርፍ ይችላል።

ስለ ልጃገረዶቹም ልናገር። ጥበቃ ሲባል ሁልጊዜ ዱላ የያዘ ወንድ ይታየናል። ማገዶ የሚለቅሙት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ የጠፋ የበግ ግልገል የሚፈልጉት ግን ልጃገረዶች ናቸው። በክፍሌ ካሉት ሴቶች ልጆች አንዷ ከምንጭ ዳር ያሉትን አዕዋፍ በድምፃቸው ብቻ ለይታ ትጠራለች። ወፎቹን ለይታ የምትጠራቸው እናቷ ባስተማረቻት ስም ነው፤ የላቲን ስማቸውን እኔ እየፈለግሁ እጨምርላታለሁ። ምዘናው ሲዘጋጅ እሷ የምታውቀውም ይጠየቅ።

ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ልመለስ። በየዓመቱ ለመመረቂያ ጥናት ወደ ጓሳ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ጎበዞች ናቸው፤ ስለ እንስሳት ቆጠራ ዘዴ፣ ስለ ስታቲስቲክስ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ነገር ግን ሦስት ዓመት ወይም አራት ዓመት ተምረው ድንኳን ውስጥ አንድ ሌሊት ያላደሩ አጋጥመውኛል። አንዱ ወጣት ቀይ ቀበሮ መጀመሪያ ሲያይ ዕንባው መጣ፤ እኔም አብሬው ልቤ ተነካ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም፣ አበል የለም ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 በታንዛኒያ በኪሊማንጃሮ ግርጌ የተከፈተው የምዌካ ኮሌጅ ስሙን ያተረፈው ተማሪዎቹን ወደ ዱር እያወጣ በማስተማሩ ነው። ከኢትዮጵያ ሄደው እዚያ የተማሩ ቀደምት ባለሙያዎች ነበሩን። እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን፤ ውድ መሆን የለበትም። አንድ ተማሪ ቢያንስ አንድ ወቅት፣ ሦስት ወር፣ በጥብቅ ቦታ ዳርቻ ካለ ቤተሰብ ጋር ይቀመጥ። ቤተሰቡ ለምግቡና ለማደሪያው ይከፈለው። ተማሪው ቀን ከአካባቢው ወጣት ጋር ይውጣ፤ ማታ በኩራዝም ይሁን በሶላር መብራት የሰበሰቡትን አብረው ይመዝግቡ። አንዱ ዱካ ያስተምራል፣ ሌላው ሠንጠረዥ። በመጨረሻ ሪፖርቱ ላይ የሁለቱም ስም ይጻፍ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን ስሙን በታተመ ወረቀት ላይ ያየ የገበሬ ልጅ ዳግመኛ ጓሳን እንደ ሌላ ሰው ንብረት አያየውም።

የደመወዙ ነገር ደግሞ አለ። በመጀመሪያ ኮቪድ፣ ከዚያ የሰላም መደፍረስ የጎብኚውን እግር አሳጠረው። የማኅበረሰብ ጥበቃ ከእንግዳ ማረፊያ ገቢና ከረጂ ድርጅት ገንዘብ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ በክፉ ዓመት ጠባቂው መጀመሪያ ይራባል። ክፉው ዓመት ደግሞ ጥበቃ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልግበት ዓመት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲነድ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተውልን ነበር፤ ውለታቸው አይረሳም። ከእነሱ በፊት ግን በቅጠልና በአፈር እሳቱን ሲታገል የሰነበተው የአካባቢው ሰው ነው። ለዚያ ሰው በየወሩ የሚደርስ፣ ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ክፍያ ከመንግሥት በጀት ይያዝለት። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የአካባቢው ሕዝብ በጥበቃው እንዲሳተፍ ይፈልጋል። ተሳትፎ ሲባል በስብሰባ ላይ ተቀምጦ ማጨብጨብ ብቻ እንዳይሆን አደራ።

የምዘናውን ዝርዝር ለእናንተ ባለሙያዎች እተዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ከፈታኞቹ መካከል ቢያንስ አንዱ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ይሁን። በየዓመቱ ሽማግሌዎች እንቀብራለን። የቄሮን ሥርዓት በዐይናቸው ያዩት ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ጥቂቶች ብቻ ቀርተዋል። ከአንዳንዶቹ የሰማሁትን በድምፅ ቀድቻለሁ፤ ለሚፈልግ ተቋም ያለ ክፍያ እሰጣለሁ።

ተማሪዬ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጓሳ ተመልሷል። ማንም አላባበለውም፤ አንድ ቀን ጠዋት ደብተሩን ይዞ ሲወጣ እናቱ አዩት። በጥር ሦስት ግልገሎች ከጉድጓዱ ወጥተው ሲጫወቱ ማየቱን መዝግቧል፤ ቀኑ «የጥምቀት ማግስት» ይላል። ዘንድሮም ያቺ ቀበሮ በዚያው አካባቢ ናት።

ከአዲስ አበባ ጓሳ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጣርማበር በኩል የአንድ ቀን መንገድ ነው። መጀመሪያውን ፈተና ለመስጠት የምትመጡ ከሆነ በኅዳር ብትመጡ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ግልገሎቹ ገና በጉድጓድ ናቸው፣ ዱካውም በውርጭ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሌሊቱ ብርቱ ነው። ባና እኛ ቤት አለ፤ ወፍራም ጫማ ግን ይዛችሁ ኑ።

አክባሪያችሁ፣
በመንዝ የባዮሎጂ መምህር